ሰኞ ሰኞ የማትነሳ መኪና ላላችሁ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ ከደብረ ብርሃን

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ወጣት በአደባባይ ሊመሰገን ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። ስሙንና ስልክ ቁጥሩን በይፋ እንዳልጽፍ አጥብቆ ስለለመነኝ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን አድራሻውን በደስታ እሰጣለሁ። አምስት ወር ሙሉ ሌሎች ያላገኙትን ችግር እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኘው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እናቴም ያለ ሐሳብ ተኝተን እናድራለን።

እኔ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት አንዳንዴ እዚሁ ከተማ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ድረስ የሐኪም ቀጠሮ አላት። አሮጌዋን ኮሮላ በብዙ ዓመት ዕቁብ የገዛኋትም በዋናነት እናቴን ለማመላለስ ነው። ችግሩ የጀመረው መስከረም ውስጥ ነበር። ዓርብ ከሥራ ገብቼ ያቆምኳት መኪና ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር ምላሽ አትሰጥም፤ የዳሽቦርዱ መብራቶችም ደብዝዘው ይጠፋሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ እንደመሆኗ በብርዱ ወራት ጠዋት መስታወት ላይ የተጋገረውን ውርጭ መፋቅ የተለመደ ነው። በዚያ ሰዓት የጎረቤት በር አንኳኩቶ «እባካችሁ ግፉልኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ሰው ይረዳኛል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በዓይኑ አየና «ይኼ አልቋል» አለኝ። ምንም ነገር አልለካም፤ ምንም ነገርም አልጠየቀኝም። አዲስ ባትሪ ገዝቼ አስገጠምኩ፤ ሦስት ሳምንት ያህል በሰላም ሠራች፤ በአራተኛው ሰኞ ያው ጠቅ ጠቅ ተመለሰ። የዋስትና ወረቀቱን ይዤ ብሄድ መብራት ሳላጠፋ እየወረድኩ ባትሪውን የገደልኩት እኔው እንደሆንኩ ተነገረኝ። እኔ ደግሞ ከመኪና ስወርድ ሁለት ጊዜ ዞሬ ሳላይ በር የማልዘጋ ሰው ነኝ። ከከፈልኩት ገንዘብ ይልቅ በሰው ፊት እንደ ግድየለሽ መቆጠሬ አንገበገበኝ።

ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነበር። ባለሙያው ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ በድንገት ነቀለው፤ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ፤ «አየሽ፣ ዲናሞሽ አይሞላም» ብሎ ባትሪውን በሚሞላው ክፍል ላይ ፈረደ። ያገለገለ ዲናሞ ተገዝቶ ተገጠመ፤ መኪናዬ ሦስት ቀን እዚያው አደረች፤ የወለቀውን የራሴን ዲናሞ ስጠይቅ ግን «ምን ይሠራልሻል?» ተብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ። ሰኞ ደረሰ፤ መኪናዋ አልተነሳችም።

ከሁሉም የማልረሳው የኅዳሩን ሌሊት ነው። እናቴ አዲስ አበባ የጠዋት ቀጠሮ ነበራትና 130 ኪሎ ሜትሩን በጊዜ እንድንደርስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ፣ በጋቢም በብርድ ልብስም ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር አስቀመጥኳት። ቁልፉን አዞርኩ፤ ምንም የለም። የጎረቤት ልጅና አንድ የሰፈር ጥበቃ፣ ኮብልስቶኑ እያንሸራተታቸው፣ ገፉልኝ፤ ሞተሩ አልያዘም። እናቴ «ተይው ልጄ፣ ሌላ ቀን እንሄዳለን» ስትለኝ ትንፋሿ በስልኬ ብርሃን ውስጥ እንደ ጭስ ይታየኝ ነበር። ሲነጋጋ መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ ብንይዝም ስንደርስ ተራዋ አልፏል፤ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ወር ጠበቅን።

ሦስተኛው ጋራዥ ሌላ ባትሪ ሸጠልኝና «ችግሩ የአገሩ ብርድ ነው፤ ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ እየፈታሽ እደሪ» የሚል ምክር ጨመረልኝ። ምክሩን ተቀበልኩ። ታኅሣሥን ሙሉ፣ ጥርንም እስከ እኩሌታው፣ ማታ ባለ 10 ቁልፍ ይዤ፣ ስልኬን ለመብራት በአገጬ ደግፌ ገመዱን ስፈታ፣ ጠዋት ደግሞ ጣቶቼ ደንዝዘው መልሼ ሳስር ከረምኩ። ገመዱ ተፈትቶ ባደረ ቁጥር መኪናዋ ያለ ችግር ትነሳ ነበር። ለምን እንደምትነሳ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ያወጣሁት ገንዘብ ሲደመር ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል።

ከጥምቀት በዓል ግርግር በኋላ ገመዱን ሳልፈታ መኪናዋ ሁለት ቀን ቆመች፤ በሦስተኛው ቀን እናቴን ለክትትል ላደርስ ብወጣ እንደተለመደው ዝም አለች። ባጃጅ ስፈልግ ሹፌሩ መኪናዋን አየና «እትዬ፣ ጠባሴ ያለውን ልጅ ሞክረውታል? እሱ ሳይለካ አይነካም» አለኝና ራሱ ደወለለት። ወጣቱ የተሞላ ባትሪና ወፍራም ገመድ ይዞ መጥቶ መኪናዋን አስነሳት። ስለ ዋጋ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ዓይኑ ያረፈው እናቴ ላይ ነበር። «መኪናው ይደርሳል፤ እማማ ቀጠሯቸው እንዳያልፍ» አለና ባጃጁ ውስጥ ደግፎ አስገባት፤ ሒሳቡንም እኔ ሳላይ ከፍሎ ኖሯል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ስንወርድ ሹፌሩ «ተከፍሏል» ብሎኝ ሄደ። ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰው የመኪናዬን ቁልፍ ሰጥቼ መሄዴ በኋላ ገረመኝ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ምንም ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ መኪናዋን ገና መፈተሽ አልጀመረም ነበር። «ባለቤቷን ሳልጠይቅ ምን አያለሁ ብዬ ነው» አለኝና በርጩማ አምጥቶ ለእናቴ ፀሐይ ላይ ካስቀመጠ በኋላ መጠየቅ ጀመረ። ስንት ቀን ስትቆም ነው? ማክሰኞና ረቡዕስ ትነሳለች? ወደ ቆላ ወርዳ ያደረችበት ጊዜ አለ? በጥቅምት ለልቅሶ በጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት ሁለት ሌሊት እንዳደርን፣ መኪናዋም ያለ ችግር እንደተነሳች ነገርኩት። ብርድ የባትሪን ጉልበት እንደሚቀንስ፣ የሞተር ዘይትንም እንደሚያወፍር፣ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚበቃው ትራፊ ጉልበት ደብረ ብርሃን ላይ እንደማይበቃ አስረዳኝ። «ብርዱ ግን ችግሩን አወጣው እንጂ አላመጣውም» አለ። ገመዱን እየፈታሁ ሳድር እንደምትነሳ ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። «እትዬ፣ መልሱ እኮ እሱ ነው። ገመዱ ተፈትቶ ሲያድር የሚነሳ ከሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው።»

ቴስተሩን ያነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በለካ ቁጥር ማሳያውን ወደ እኔ እያዞረ ምን ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.1 ቮልት አሳየ፤ ሙሉ ቢሆን ኖሮ 12.6 ገደማ መሆን ነበረበት። ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ሆነ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ውስጥ ስለሆነ ዲናሞው በሚገባ እየሞላ ነው። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሮቹን ሁሉ ዘግቶ፣ በባትሪው ገመድ በኩል የሚወጣውን ለካ፤ 0.46 አምፔር። ቆሞ የሚያድር መኪና ከ0.05 በታች መሆን አለበት ብሎኛል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቁጥሩን ሲመለከት ቆየ፤ አንዱን ሲነቅል ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ። የውስጥ መብራቶች መስመር ነበር። የቀረውን ዝርዝር በሚገባ ተረድቼዋለሁ አልልም።

ችግሩ የውስጥ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው መታየታቸው ነበር። ወጣቱ መኪናዋን ቀስ ብሎ ዞራት፤ ከኋላ ሲደርስ ቆመ። የራሱን ስልክ ቪዲዮ ላይ አድርጎ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀመጠና ክዳኑን ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ ከፈተና ስልኩን አውጥቶ ቀድሞ ያሳየው ለእናቴ ነው፤ አጠገቧ በርከክ ብሎ። ክዳኑ ድው ብሎ ሲዘጋ ይሰማል፤ ምስሉ ግን አልጨለመም። የመለዋወጫው ጎማ፣ የእናቴ ከዘራ፣ የተረሳ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ በቢጫ ብርሃን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አምስት ወር ሙሉ ማንም በማያየው ቦታ አንዲት ትንሽ አምፖል ሌትና ቀን ስትበራ ኖራለች።

«ከባድ ነገር ጭነው ነበር?» አለኝ። ለእንቁጣጣሽ ከገጠር ሁለት ጆንያ ገብስ አምጥተን ነበር፤ ክዳኑም በግድ ነበር የተዘጋው። ለካ ክዳኑ ሲዘጋ መብራቱን የሚያጠፋው ትንሽ ማብሪያ ያኔ ተጣሞ ኖሯል። አቃናው፤ ስልኩን መልሶ አስገብቶ ዘጋ፤ ሲከፍት በቪዲዮው ውስጥ ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። «እማማ፣ ይኸው ጨለመልን» አላት። እናቴ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «ያንተን ቤት ብርሃን ያድርግልህ ልጄ» ብላ መረቀችው፤ እኔ ግን እንባ ቀደመኝ።

በካርቶን ቁራጭ ላይ ስሌቱን ጻፈልኝ፤ ካርቶኑ እስከ ዛሬ አለኝ። አምፖሏ በቀን ከ10 አምፔር ሰዓት በላይ ትወስዳለች፤ የኔ ባትሪ በጠቅላላው የሚይዘው 45 ነው። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው።

ቤቱ ውስጥ አዳዲስ ባትሪዎች ተደርድረው አይቼ ስለነበር ያለኝ ባትሪ ተጎድቶ እንደሆነ አዲስ እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት። «ይኼ ገና ነው፤ አልሸጥልዎትም» አለኝ። ባትሪውን ቀስ ብሎ እየሞላ አሳድሮ በማግስቱ ለካው፤ 12.6 ሆነ። ብዙ ጊዜ ባዶ እየሆነ መክረሙ ዕድሜውን ሊያሳጥረው ስለሚችል የሚቀጥለው ኅዳር ሳይገባ አምጥቼ እንዳስለካው መከረኝ። ለሁሉም የጠየቀኝ 400 ብር ነበር፤ የባጃጁን ሒሳብ ልመልስ ብል እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ስለ ሌሎቹ ጋራዦች ሳማርርም «በሌላ ሰው ሥራ ላይ ምንም አልልም» ከማለት አላለፈም። ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነበር፤ ሞተር እየሠራ ሳለ የባትሪ ገመድ የሚነቅል ሰው ካጋጠመኝ እንዳስቆመው፤ ዲናሞውን ለመፈተሽ ተብሎ የሚደረገው ይህ ነገር የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተርና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሊያቃጥል እንደሚችል ነገረኝ።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አልፏል። ባለፈው ሳምንት እናቴን አዲስ አበባ ወስጄ መልሻታለሁ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

በደብረ ብርሃን፣ በጫጫ፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበርም ያላችሁ፣ ባትሪ ቀይራችሁ ቀይራችሁ የሰለቻችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ሌላ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ አግኙት። ደግሜ እላለሁ፣ አግኙት። እሑድና በበዓል ቀን አይሠራም፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይገኛል። ስትሄዱ መኪናችሁ በየትኛው ቀንና ስንት ሰዓት ቆማ እንዳልተነሳች፣ ባትሪው መቼ እንደተገዛ፣ ከዚያ ወዲህም ምን ምን እንደተነካካ አስታውሳችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። የከዘራዋ እናት ልጅ ናት የላከችን ብትሉት ያውቀኛል።