ለቆሽት ሕመም፦ ኢአርሲፒ ወይስ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ?

ከደሴ ወይም ከወልዲያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ። ሁለቱም በአፍ የሚገቡ ቱቦዎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

አልትራሳውንዱ በዋናነት ለማየት ነው። በጨጓራ ግድግዳ በኩል ቆሽትን ያሳያል፤ እጢ ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ኢአርሲፒ ለማከም ነው። ሐኪሙ የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች አንጀት ላይ የሚከፈቱበትን ቀዳዳ ፈልጎ ቀጭን ሽቦ ያስገባል፤ ቀለም ረጭቶ በኤክስሬይ ያያል፤ የቀዳዳውን አፍ ቀዶ ቱቦው ውስጥ ያለውን ጠጠር በፊኛ ወይም በቅርጫት ይጎትታል። አንዳንዴ የሚወጣው ወስፋት ነው! ሽቦው ደጋግሞ ቆሽት ቱቦ ውስጥ ከገባ ግን ቆሽቱ ይቆጣል፤ ከ100 ታካሚ ከ3 እስከ 10 ያህሉን ያገኘዋል። በፊንጢጣ የሚሰጥ 100 ሚሊግራም ኢንዶሜታሲን ይህን ይቀንሳል። ስለዚህ ለምርመራ ብቻ ኢአርሲፒ ማሠራት አያዋጣም።

ለሁለቱም ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። ከኢአርሲፒ በኋላ በዚያው ቀን ደሴ አውቶቡስ ላይ አይወጣም፦ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ የሆድ ቁርጠት መንገድ ላይ፣ ጣርማ በር ተራራ ላይ ቢነሳ ማን ይደርሳል? ትኩሳት ወይም ጥቁር ሰገራ ከታየም ወዲያው ሆስፒታል ነው።