ቢሯችንን ለሰውነታችን ላስማማችልን ባለሙያ ምስጋና

ዛሬ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ቢሮ ድረስ እየመጣች ወንበርና ጠረጴዛን ለሚቀመጥበት ሰው ታስማማለች። እኛ ጋ ከሰዓት ሲሆን "አንገቴን፣ ወገቤን" የማይል አልነበረም። አሁን ለውጡን ሁላችንም እናወራለን።

ደስ ያለኝ፣ ውድ ወንበር ግዙ አላለችም። መጀመሪያ እንደወትሯችን ስንሠራ ዝም ብላ አየችን። ከዚያ ከክርን ጀመረች። ትከሻ ዘና ብሎ፣ ክርን 90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ፣ የእጅ አንጓ ሳይጎብጥ ኪቦርዱ ጋ እስኪደርስ ወንበሩን ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። አጠር የምትለው ባልደረባችን ወንበሯ ከፍ ሲል እግሯ ተንጠለጠለ። ጠረጴዛው ደግሞ ዝቅ አይልም። ባለሙያዋ ጠንካራ ሣጥን ከእግሯ ሥር አስገባችላት፣ አለቀ። እግር ሲንጠለጠል የወንበሩ ጫፍ ጭንን ከሥር ይጫናል፤ ማታ ማታ እግሯን የሚያደነዝዛት እሱ ነበር።

ላፕቶፕ ላይ ብዙ ቆየች። ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ስለተያያዙ፣ ለእጅ ሲመች አንገት ያጎነብሳል። ስለዚህ ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጋ፣ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ አስገጠመችን። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ፣ ርቀቱ አንድ ክንድ ያህል። ለሩቅም ለቅርብም የሚሆን መነጽር ለሚያደርጉት ታላቃችን ግን ዝቅ አደረገችላቸው። የሚያነቡት በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ስለሆነ፣ ስክሪኑ ከፍ ካለ አገጫቸውን ሽቅብ ይዘው ሊውሉ ነው። ይህን ማስተዋሏ ነው ሙያዋን ያሳየኝ። ለሁሉም አንድ ልክ የላትም።

መስኮት ፊት ለፊት ወይም ከጀርባ የነበሩ ጠረጴዛዎችን ወደ ጎን አዞረች፤ ነጸብራቁ ጠፋ። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እንድናይም መከረችን። "ጥሩ አቀማመጥም ቢሆን ብዙ ከቆያችሁበት ያማል፣ ተነሱ" ትላለች።

እጁ ላይ ውጋትና መደንዘዝ ላለበት ልጅ ደግሞ "ይሄ በወንበር ብቻ አይፈታም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ" አለችው። እንዲህ ያለ ታማኝነት ትልቅ ነገር ነው።

ቢሮ ላላችሁ፣ ከቤት ለምትሠሩም፣ ሙሉ ልቤን ሰጥቼ እጠቁማታለሁ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለች። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ!