10 ኩንታል የምትጭነው የኤሌክትሪክ ቫን ለጎንደር ዳገት

የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ያዋጣል ወይ የሚል ሰው በዝቷል። የምንገመግማት ቻይና ሠራሽ አነስተኛ ቫን ናት፤ ባትሪዋ 41.86 ኪሎዋት ሰዓት፣ ጭነቷ እስከ 10 ኩንታል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳና ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ለሚያመላልስ ግሩም መኪና ናት። ለደባርቅ መስመር ግን አንመክራትም።

ከነጭነቷ 2.5 ቶን ብትመዝን፣ እያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት የሞተሩ ብክነት ታክሎ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ መንገዱም 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዳገቱ 6 ገደማ፣ ሜዳው 22 ኪሎዋት ሰዓት ከወሰደ መሄጃው ብቻ 28 ይሆናል። በቀረው 14፣ ቁልቁለት ቢሆንም፣ ጎንደር አትመለሱም።

ከተማ ውስጥ ግን ናፍጣ አይደርስባትም። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ የናፍጣ ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ፍሪሲዮን ስለሌላት ኮብልስቶን ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ምንም አይደል።

አንድ ነገር አደራ፦ ላይኛው ከተማ አድራችሁ ጠዋት ወደ አዘዞ የምትወርዱ ከሆነ ባትሪውን 90 በመቶ ላይ አቁሙት። ሙሉ ባትሪ ቁልቁለት ላይ የሚመነጨውን ኃይል አይቀበልም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል፣ ይግላል። በሳምንት አንዴ ግን 100 ይሙላ፤ አለዚያ የሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ቁጥሩን መሳሳት ይጀምራል፣ 15 በመቶ እያሳየም ሊቆም ይችላል።

አብዛኛው ጣጣ ያለው ቤት ውስጥ ነው። 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ይውጣለት፦ 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 10 ካሬ፣ ባለ 40 ብሬከር። ኤርዝ ከሌለ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው። ኤርዙን ዘንግ ቀብሮ በትክክል ማሠራት እንጂ በኒውትራል መተካት ሰው ይገድላል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቻርጀሩም ይቆራርጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ብታስጀምሩት ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ይጨርሳል።

መኪናዋ ለቀናት ከቆመች ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ትደክማለች፤ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም አትነሳም። ከ12.4 ቮልት በታች ስትወርድ ቻርጅ አድርጓት።