«ሙሉ ፓኬጅ ኦሪጅናል ሶፍትዌር» ሲሏችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። ላፕቶፑ ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ገንዘባችሁ የሚበላው ከዚያ በኋላ፣ «ሶፍትዌሩንስ ልጫንላችሁ?» ሲባል ነው።

የአክስቴ ልጅ ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ደንበኞቿ ባብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ፕሮፖዛል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ ማመልከቻ ትጽፍላቸዋለች። የድሮ ዴስክቶፗ ሲያስቸግራት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሱቅ በ38,000 ብር ላፕቶፕ ገዛች። ማሽኑን አይቼዋለሁ፤ ጠንካራ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፣ በዋጋው አልተጎዳችም። ሻጩ ግን ለሶፍትዌር ብሎ 7,500 ብር ጨመረባት። አልተከራከረችም። ኮምፒዩተር ያለ ሶፍትዌር ምን ይሠራል?

የሰጣት ወረቀት አሁንም እኔ ጋ አለ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ኦሪጅናል ዊንዶውስ 2,500። ኦፊስ የዕድሜ ልክ 2,500። የአማርኛ ፓኬጅ 1,000። አንቲቫይረስ 1,000። ቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮ 500። ከታች ደግሞ «ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይምጣ፣ የላይሰንስ ማደሻ 1,500» ይላል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደወለችልኝ። «ማደሻው ደረሰ፣ ተማሪ ደግሞ ተሰልፎብኛል። ላፕቶፑን ሳልወስድ አንተ ታድስልኛለህ?» አለችኝ። የዕድሜ ልክ የተባለ ነገር በስድስት ወር ምን እድሳት ያስፈልገዋል ብዬ በማግስቱ ሄድኩ።

መጀመሪያ ኦፊሱን ከፈትኩት። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ምልክት ሰማያዊው የወርድ ምልክት ነው፣ ስሙም ወርድ ይላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። «ሄልፕ» ከሚለው ገብቼ «አባውት» የሚለውን ስነካው ሊብሬኦፊስ ብሎ ወጣ። ሱቁ የአቋራጩን ስምና ምልክት ቀይሮ ነው የሸጠላት።

ሊብሬኦፊስን አላጣጥልም። እኔ ራሴ ዓመታት የተጠቀምኩበትና የምወደው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተነጥሎ የወጣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሥራ ነው። ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ፣ መቀመጫው በርሊን የሆነ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ያስተዳድረዋል። ማንም ሰው ከራሱ ከተቋሙ ድረ ገጽ ያለ አንዲት ሳንቲም ያወርደዋል። ለቤትም ለንግድም መጠቀም ይቻላል፣ የሚያልቅ ጊዜ የለውም፣ የሚታደስ ነገርም የለውም። የአክስቴ ልጅ ስድስት ወር ገደማ የስንት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በሱ ሠርታ አስረክባለች፣ አንድም ቀን አላማረረችበትም። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ይህን ያህል ጥሩ ነገር በነጻ እንዳለ ቢነግራት ኖሮ 2,500 ብሩ ኪሷ ውስጥ ይቀር ነበር።

ቪዲዮ ማጫወቻ «ፕሮ» የተባለውም ቪኤልሲ ሆኖ ተገኘ፤ ያ ብርቱካናማና ነጭ የመንገድ ኮን ምልክት ያለው። ቪኤልሲ ፕሮ የሚባል ነገር የለም። ያለው አንድ ነው፣ እሱም በነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ አጠገብ በሚገኝ አንድ የምህንድስና ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ። በ2001 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ማስታወቂያ የለበትም፣ ተመዝገቡ አይልም። የሠርግ ቪዲዮም ይሁን የድሮ ሲዲ፣ የሰጣችሁትን ያጫውታል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ፊደል ልናገር። በቋንቋችን «ነጻ» እና «በነጻ» ይለያያሉ። «በነጻ» ስንል አይከፈልበትም ማለታችን ነው። «ነጻ» ስንል ግን የማንም እስረኛ አይደለም ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ፍሪ» በሚል አንድ ቃል ስለሚጠራቸው የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ሰዎች ልዩነቱን ሲያስረዱ ዓመታት ፈጅተዋል። እኛ «በ» ብቻ ትበቃናለች። ሊብሬኦፊስና ቪኤልሲ ሁለቱንም ናቸው፤ በነጻ ይገኛሉ፣ ነጻም ናቸው። ኮዱን ማየት፣ መቀየር፣ ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል። መሸጥም ይቻላል፤ ፈቃዱ አይከለክልም። ስለዚህ ሻጩ ለመጫኛ 300 ብር ልቀበል ቢል ቅር አይለኝም፣ ለእጁና ለጊዜው ነው። ስሙን ቀይሮ፣ ፕሮ ብሎ፣ የሌለ ላይሰንስ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

የባሰው ግን ዊንዶውሱ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ሴቲንግ ገብቼ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አክቲቬሽን» የሚለውን፣ ዊንዶውሱ ፈቃድ እንዳለው የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ዊንዶውሱ «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት» ነው አክቲቬት የሆነው ይላል። እትሙ ደግሞ ኢንተርፕራይዝ ነው። ኢንተርፕራይዝ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚገዙት እትም ነው። የሷ ድርጅት አንድ ክፍል፣ አንድ ኮፒ ማሽንና ሁለት ወንበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒዩተር ላላቸው ተቋማት ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለው። ተቋሙ የራሱን ሰርቨር ያቆማል፣ ኮምፒዩተሮቹም ከሱ ፈቃድ ይቀበላሉ። ፈቃዱ የሚጸናው 180 ቀን ነው፤ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ወደ ሰርቨሩ እየተመለሰ ያድሰዋል። ክራክ የሚያደርጉ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የሚያስከፍቱ ሰዎች ይህንን አሠራር ያስመስላሉ። የውሸት ሰርቨር እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ ይተክላሉ፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ ካለ ማንነቱ ከማይታወቅ ሰርቨር ጋር ያገናኙታል። 180 ቀን በኛ አቆጣጠር ልክ ስድስት ወር ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ቁጠሩት። «ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይምጣ» ያላት ለዚህ ነው። 1,500 ብር የሚጠይቃት ያንኑ ክራክ ድጋሚ ሊነካላት ነው።

ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ፣ ዲፌንደር፣ ዝም ማለት አለበት። ገብቼ ሳይ ሙሉው ሲ ድራይቭ «አትፈትሽ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል። ቤቱ በሩ ተከፍቶ ስድስት ወር ኖሯል ማለት ነው። አንቲቫይረስ ተብሎ 1,000 ብር የተከፈለበት ደግሞ የ30 ቀን የሙከራ እትም ነበር፤ ጥር ላይ አልቋል። ይህ ሁሉ በቀን ብዙ የተማሪ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን ላይ! የራሷን ፍላሾች ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስፈትሽ ሁለቱ ላይ ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው፣ ያ የታወቀው ሾርትከት ቫይረስ ተገኘ። ከሷ ማሽን ወደ ስንት ተማሪ ፍላሽ እንደሄደ እግዚአብሔር ይወቅ።

ሾርትከት ቫይረስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተመስገን ነው። በክራክ ስም የሚለቀቁ ፕሮግራሞች ብሮውዘር ላይ የተቀመጠ የይለፍ ቃል እየለቀሙ የሚልኩ፣ ከዚያም አልፎ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሌቦችን ይዘው እንደሚመጡ የኮምፒዩተር ደህንነት ሰዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ያን ዕለት ማታ የባንኳንም፣ የቴሌግራሟንም፣ የኢሜይሏንም ይለፍ ቃል ከስልኳ ላይ ቀየርን።

አሁን ከሁሉ የቆጨኝን ልንገራችሁ። ያ ላፕቶፕ ሲመጣ እውነተኛ ዊንዶውስ ነበረው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚወጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ይቀመጣል። ዲስኩ ቢጠፋ ቁልፉ አይጠፋም። ሱቁ ያንን የተከፈለበትን ፕሮፌሽናል እትም አጥፍቶ፣ የተሰረቀ ኢንተርፕራይዝ ጭኖ፣ 2,500 ብር አስከፈላት። የራሷን ወስዶ የሌባ ሸጠላት።

ጽሑፎቿን ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። ማይክሮሶፍት ራሱ በነጻ የሚሰጠውን የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ ከስር ጀምሬ ጫንኩት። ቁልፍ አስገባ ብሎ አልጠየቀኝም። ኢንተርኔት እንዳገኘ «በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል» አለ። ከቁርስ እስከ ምሳ አልቋል። አንቲቫይረስም አልጫንኩም፤ አብሮት የመጣው ዲፌንደር እንዳይፈትሽ ካልከለከሉት ለሷ ሥራ ይበቃል።

የአማርኛ ፓኬጁ ለብቻው ጣጣ ነበረው። ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድና ፎንት አብሮት ይመጣል፣ ማብራት ብቻ ነው። እንደ ለመድነው በእንግሊዝኛ ፊደል እየነካን መጻፍ ለምንፈልግ ደግሞ ኪማን አለ፤ እሱም በነጻ የሚገኝ ኦፕን ሶርስ ነው። ሱቁ የጫነላት ግን ከዩኒኮድ (እያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ኮድ ከሚያገኝበት ዓለም አቀፍ አሠራር) በፊት የነበረ የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ስልክም ላይ፣ ኢሜይልም ላይ፣ ሌላ ኮምፒዩተርም ላይ አማርኛ ሆኖ መነበብ አለበት። በድሮው ፎንት የተጻፈው ግን ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ይሆናል። አንዲት ተማሪ የ84 ገጽ ጽሑፏን ለአማካሪዋ ልካ «ምንድን ነው ይሄ?» ተብላለች። ልጅቷ ፋይሉ የተበላሸ መስሏት ስታለቅስ ነው የመጣችው። መልሰን ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር ሁለት ቀን ፈጀብን፤ «ጸ» እና «ፀ» የተደበላለቁባቸውን ቃላት በእጅ ነው ያረምነው።

«ላይሰንስ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳውረናል። ፈቃድ ማለት ነው እንጂ ንብረት ማለት አይደለም። ውጭ አገር ሆናችሁ ፊልም፣ ዘፈን፣ መጽሐፍ በኢንተርኔት የምትገዙም ይህን ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፤ ገንዘቡን መለሰ፣ መጻሕፍቱ ግን ሄዱ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሻጮች «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። ይህ ሕጋዊው ገበያ ውስጥ የሚሆን ነው። የኛ ሱቅ ግን ያንን ፈቃድ እንኳ አልሰጣትም።

ወደ ሱቁ አብረን ሄድን። ሻጩ መጀመሪያ «ሁሉም ሱቅ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ። ወረቀቱን አሳየሁት። የሊብሬኦፊስን ነገር ስነግረው «ግን ይሠራል አይደል?» አለ። በመጨረሻ 3,000 ብር መለሰ። ሌላውን አልመለሰም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ለመክሰስ ግን እጃችን ላይ ያለው በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ነው። እሷም በሰኔ ወር ሱቋን ዘግታ መመላለስ አልቻለችም። እናንተ ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አታውጡ፤ የሶፍትዌሩም ስም እንዳለ ይጻፍበት።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ዊንዶውሱን «እንደ አዲስ እንጫንልህ» ሲል እምቢ በሉ። አስቀድማችሁ የአክቲቬሽን ገጹን ክፈቱት። «ዲጂታል ላይሰንስ» ካለ ባብዛኛው ጥሩ ምልክት ነው፤ እንዳትነካው በሉት። ላፕቶፑ በጣም ያረጀና ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ከሆነ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን አስታውሱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን እኔ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ፣ በነጻ የሚገኝ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም ነው የምጭነው። አባቴ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ በሱ ዜና ያነባል፣ መዝሙር ይሰማል፣ ክራክም ማደሻም የሚባል ነገር አያውቅም።

ደግሞ ከየትም አታውርዱ። ጎግል ላይ ቪኤልሲ ወይም ጊምፕ (በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ) ብላችሁ ስትፈልጉ ከላይ በማስታወቂያ የሚመጣው ሁሉ የፕሮግራሙ ባለቤት አይደለም፤ የፕሮግራሙን ስም ይዘው ቫይረስ የሚያወርዱ ገጾች በማስታወቂያ ቦታ ላይ ተገኝተው ያውቃሉ። የቪኤልሲ ቤቱ ቪዲዮላን ነው፣ የሊብሬኦፊስ የራሱ የሊብሬኦፊስ ገጽ ነው።

ተመሳሳይ «ፓኬጅ» ገዝታችሁ የማደሻ ቀን የተሰጣችሁ ካላችሁ ወደ ሱቁ ከመመለሳችሁ በፊት ዛሬ ማታ ያንን የአክቲቬሽን ገጽ ክፈቱ። የግል ላፕቶፓችሁ ላይ «ኦርጋናይዜሽን» (ድርጅት) የሚል ቃል ካያችሁ 1,500 ብራችሁን ያዙት፤ ጽሑፋችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና የምታምኑት ባለሙያ ወይም ወዳጅ ፈልጉ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ከሆናችሁ የመጫኛውን ፍላሽ የአክስቴ ልጅ ጋ ትቼዋለሁ፤ ጠይቃችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ።