በጋያ የሚሰጠው የፒንዳ ዳን አገልግሎት፦ ምኑ ይመሰገናል፣ ምኑ ይበላሻል

በሕንድ ቢሃር ግዛት የምትገኘው ጋያ፣ ሂንዱዎች በሞቱ ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው ስም ጭብጦ የሚያቀርቡባት ከተማ ናት። ጭብጦው ፒንዳ፣ ሥርዓቱም ፒንዳ ዳን ይባላል። አስፈጻሚዎቹ ጋያዋል የሚባሉ፣ ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ የሚኖሩ የብራህሚን፣ ማለትም የካህናት ወገን፣ ቤተሰቦች ናቸው። ፍርዱን ለማስቀደም ያህል፦ ከራስ ካህን ጋር በአንድ ቀን የሚፈጸመው አገልግሎት ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ በጅምላ የሚደረገው ግን የሚያሳዝን ሆኗል። በኢንተርኔት የሚታዘዘውን ደግሞ ባይገዙት ይሻላል።

አገልግሎቱን ለመመዘን ምን እንደሚሰጥ መለየት ይገባል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነውና። ቬዳንታ በተባለው የሂንዱ ፍልስፍና አትማን፣ ማለትም እውነተኛው ነፍስ፣ አይወለድም አይሞትም፤ ስለዚህ አይራብም፣ ጭብጦም አይፈልግም። ከሥጋ ወደ ሥጋ የሚሻገረው ረቂቁ አካል ነው። የቬዳንታ አንዱ ክፍል በሆነው በአድቫይታ ሊቃውንት አቆጣጠር ይህ አካል 17 ክፍሎች አሉት፦ አምስቱ የስሜት ኃይሎች፣ አምስቱ የሥራ ኃይሎች፣ አምስቱ የእስትንፋስ ዓይነቶች፣ ሐሳብና አእምሮ። የካርማን፣ ማለትም ሰው የሠራውን ሥራ አሻራ ተሸክሞ የሚሄደው እርሱ ነው።

ሰው እንደሞተ ወዲያው ከአባቶች አይቆጠርም፤ መጀመሪያ ፕሬታ፣ ማለትም ማረፊያ ያላገኘ መንፈስ ይሆናል። ጋሩዳ ፑራና የተባለው ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚለው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት የሚቀርቡት ፒንዳዎች ለፕሬታው ጊዜያዊ አካል ይሠሩለታል፦ በመጀመሪያው ቀን ራሱ፣ በዘጠነኛው እግሩ ይሠራል፣ በአሥረኛው ረኃብና ጥማት ይሰጠዋል። ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜ በ12ኛው ቀን፣ ሳፒንዲካራና ይፈጸማል። የሟቹ ፒንዳ ለሦስት ተቆርጦ ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ፒንዳ ጋር ይለወሳል፤ ሟቹም ከዚያ በኋላ ከአባቶች አንዱ ይሆናል። ጋያ የሚኬደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በልማድም ዓመቱ ከወጣ በኋላ ነው። «ቀብሩ ላይ የቀረውን ሁሉ ጋያ ይተካዋል» የሚል ደላላ ካጋጠመ የሚሸጠው ከሥርዓቱ ውጭ የሆነ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ሟቹ በካርማው ሕግ ሌላ ቦታ ተወልዶ ከሆነ ጭብጦው ለማን ነው? ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሁለት መንገድ ያሳያል፤ በአማልክት መንገድ የሄደ አይመለስም፣ በአባቶች መንገድ የሄደ ግን ጨረቃ ደርሶ በዝናብ፣ በእህልና በዘር በኩል ተመልሶ ይወለዳል። ሃይማኖቱን ይነቅፉ የነበሩት ቻርቫካዎች «እዚህ የቀረበ ምግብ ወዲያ ያለውን የሚያጠግብ ከሆነ መንገደኛ ለምን ስንቅ ይይዛል?» ብለው ተሳልቀዋል። የሥርዓቱ ሊቃውንት መልስ፣ ሟቹ ከአማልክት ከተቆጠረ ስጦታው አምሪታ፣ ማለትም የአማልክት መጠጥ ሆኖ፣ ከብት ሆኖ ከተወለደም ሣር ሆኖ ይደርሰዋል የሚል ነው። መልሱ ብልጠት አለው፤ ቢሆንም ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። አባቶችን የመመገቡ ሥርዓት ከዳግም ውልደት ትምህርት ይቀድማል፤ ሁለቱ በኋላ የተሰፉ ናቸው፣ ስፌቱም ያስታውቃል። ይህን ያወቀ ሰው ከጋያ የማይገባ ተስፋ አይጠብቅም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የአንድ ቀኑ ሥርዓት ሦስት ቦታዎችን ያዳርሳል፦ የፋልጉ ወንዝን፣ የቪሽኑፓድ ቤተ መቅደስንና አክሻያቫት የተባለውን የማይሞት ዋርካ። አቅራቢው ታጥቦ ያልተሰፋ ነጭ ልብስ ያገለድማል። ከኩሻ ሣር የተሠራ ቀለበት በቀለበት ጣቱ ያጠልቃል። በግራ ትከሻው የሚውለውን ቅዱስ ክር ወደ ቀኝ ትከሻው ያዞርና ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞት አምላክ ወደ ያማ አቅጣጫ ይመልሳል። ጥቁር ሰሊጥ የተጨመረበትን ውኃ የሚያፈሰው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ነው፤ በጣቶች ጫፍ ማፍሰስ የአማልክት ድርሻ ስለሆነ ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጭብጦው ከገብስ ዱቄት ወይም ከተቀቀለ ሩዝ ይሠራል፤ ጥቁር ሰሊጥ፣ ወተት፣ ማርና ንጥር ቅቤ ይገባበታል። የገብስ ዱቄት ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሲፈስበት ይላቆጣል፣ እጅ ላይም ይቀራል፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ ኩሻው ላይ ሲቀመጥ ይሰነጠቃል። ፈሳሹን ጥቂት በጥቂት ጨምሮ ማሸት፣ ቅቤውን ወደ መጨረሻው ማድረግ ይበጃል። ቢያንስ ለአባት ወገን ሦስት ትውልድ፣ ለእናት ወገንም ሦስት ትውልድ ይቀርባል። ከዚያ ወራሽ ሳይኖራቸው ለሞቱ፣ ለወዳጅና ለመምህር ይጨመራል፤ ይህ የጋያ ልግስና ከሥርዓቱ ሁሉ የሚወደድ ነው። ልጅ የሌለው ሰው በጃናርዳን ቤተ መቅደስ በሕይወት ሳለ ለራሱ ማቅረብ ይችላል፤ ያኔ ሰሊጥ አይገባም።

ያለጊዜው ለሞተ ሰው ከከተማው ራቅ ብሎ ወደሚገኘው ፕሬትሺላ ኮረብታ ይወጣል። የሚቀርበው ሳቱ፣ ማለትም በሶ ነው። ደረጃው በመቶዎች ስለሚቆጠር ጉልበቱ የደከመ ሰው በማለዳ ቢጀምር ይሻለዋል።

ፋልጉ ከዝናቡ ወራት ውጭ አሸዋ ነው፤ ውኃው ከሥር ይሄዳል፣ አሸዋው ሲጫር ይገኛል። ትውፊቱ ምክንያቱን የአምላኩ የራማ ሚስት የሲታ እርግማን ያደርገዋል፦ ራማ በሌለበት ለአማቷ ለዳሻራታ የአሸዋ ፒንዳ ስታቀርብ አይቶ ሳለ ወንዙ አላየሁም ብሎ ካደ፤ እውነቱን የመሰከረው ዋርካው ብቻ ነበር። ሴት አትችልም የሚል ካህን ሲያጋጥም ይህን ታሪክ ማንሳት በቂ መልስ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጎማ ግድብ አሁን ቪሽኑፓድ አጠገብ ውኃ ያቆማል፤ ለአቅራቢዎች ትልቅ እፎይታ ሆኗል።

የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ጋያዋል የተወሰኑ አውራጃዎች ደንበኞች አሉት፤ ረጃጅም ደብተሮቹ ላይ ከትውልድ በፊት የመጡ ዘመዶች ስምና ፊርማ ይገኛል። እውነተኛው ካህን የሚለየውም በዚህ ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ «የናንተ ፓንዳ (የቤተሰብ ካህን) እኔ ነኝ» ለሚል ሰው የትውልድ መንደርንና የአያትን ስም ነግሮ መዝገቡን ማስወጣት ነው፤ ሰበብ ከደረደረ መተው ይሻላል። ጎትራውን፣ ማለትም የዘር ሐረጉን ያላወቀ ሰው በካሽያፓ ስም ይጠራል፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው።

መጥፎው ነገር የሚገጥመው በፒትሩ ፓክሻ፣ በመስከረም አካባቢ በሚውሉት የአባቶች ሳምንታት ነው። አንድ ካህን በድምፅ ማጉያ ለብዙ ሰው ቃሉን ያወርዳል፣ «ስማችሁን በየልባችሁ በሉ» ይላል። የሥርዓቱ መሠረት ግን ሳንካልፓ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ በየትኛው ቀንና ቦታ እንደሚያቀርብ ጮክ ብሎ ስም ጠርቶ መናገር። እርሱ ከተዘለለ የቀረው ዱቄት ማሸት ብቻ ነው። ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው ከእነዚህ ሳምንታት ውጭ ይምጣ፤ ጋያ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዳክሺና፣ ማለትም ለካህኑ የሚሰጠው ገንዘብ፣ በልማድ 101፣ 501 ወይም 1,101 ሩፒ እየተባለ በአንድ የሚያልቅ ነው። ትልቁ ጥያቄ የሚመጣው ግን መጨረሻ ላይ፣ አክሻያቫት ሥር ነው፤ ካህኑ «ሱፋል»፣ ሥርዓቱ ፍሬ አፍርቷል ብሎ እስኪመርቅ ማንም እንደጨረሰ አይሰማውም። ስለዚህ የዕቃው፣ የካህኑና የሱፋሉ ድምር ወንዙ ዳር ሳይወረድ በወረቀት ይጻፍ። የአልጋና የላም ስጦታ የሚባለው በፈቃድ ነው፤ እምቢ ቢሉ ሥርዓቱ አይፈርስም።

በኢንተርኔት የሚታዘዘው አገልግሎት በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ቪዲዮ ይልካል። መጓዝ ለማይችል በሽተኛ ዘመድን ወክሎ መላክ የቆየ መንገድ ነው፤ ለዚያ ክፍያው ላይ ሌላ ጥቂት ጨምሮ የወንድም ወይም የእህት ልጅን ማሳፈር ይሻላል። ቪሽኑፓድ፣ የኢንዶር ንግሥት አሂልያባይ ሆልካር በ1787 እ.ኤ.አ. ያሠራችው ሕንፃ፣ ሂንዱ ላልሆነ ሰው ዝግ ነው፤ አብሮ የመጣ እንግዳ ወንዙ ዳር ሆኖ ይጠብቃል፣ ወይም ቀኑን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ቦድ ጋያ ያሳልፋል።