ርካሽ ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ከትንሽ ነጋዴ ሲገዙ

ትንሽ ነጋዴ ዘንድ ዋጋው ይቀንሳል፤ መኪናው ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ እንጂ ተጠግኖ አይቀርብም። ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ። አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ጉዱን አይደብቅም። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል። ነጩ ጭስ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ፣ ከዘይት ክዳኑ ሥር ደግሞ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ውሃና ዘይት ሳይደባለቁ አልቀሩም። እንዲህ ያለውን ቢረክስም አንመክርም።

ጎማው ጎን ላይ 2319 የሚል ካዩ ጎማው በእ.ኤ.አ. 2019፣ 23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሩን (በመኪናው አካል ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር) ከሰነዱ ጋር ያስተያዩ። የኋላ ወንበር ቀበቶዎችን አንድ በአንድ ስበው ይቆልፉ፤ ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ነጋዴው ገለልተኛ መካኒክ እንዲያይ ካልፈቀደ ቀብድ አይክፈሉ።