ቁፋሮ ወይስ ኤሌክትሪክ?

መሬት ውስጥ የፈሰሰ ነዳጅ የት እንደደረሰ ለማወቅ አንዱ መንገድ መቆፈር ነው። አፈሩ ወጥቶ ላቦራቶሪ ይላካል። መልሱ አስተማማኝ ነው፤ ግን ለዚያች ጉድጓድ ብቻ። አምስት ሜትር አለፍ ብሎ ያለውን አይነግርህም።

ሌላው የብረት ካስማ በመስመር ተክሎ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ነው። መሬቱ ኤሌክትሪክ የት በደንብ፣ የት በትንሹ እንደሚያሳልፍ ተለክቶ በምስል ይወጣል፤ ሰፊ ቦታ ሳይቆፈር ይታያል። ልብ በሉ፣ አዲስ ነዳጅ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲቆይ ግን ባክቴሪያ ይበላዋል፤ የሚፈጠረው አሲድ የአፈሩን ማዕድን ያሟሟል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃም ኤሌክትሪክ በደንብ ማሳለፍ ይጀምራል። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ካርሰን ሲቲ ነዳጅ ማጣሪያ አጠገብ፣ ተመራማሪዎች ያዩት ይህንኑ ነው። የነዳጁን ዕድሜ ያላወቀ ሰው ምስሉን ገልብጦ ያነበዋል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን፣ ከዚያ ምስሉ በተለወጠበት ቦታ ቁፋሮውን። ማደያ ሥር ግን የብረት ታንከርና ቧንቧ ልኬቱን ስለሚያበላሽ በቀጥታ ቁፋሮ።